ዝንጉርጉሩ ፖቶሴ ነጩን ትቶ አረንጓዴ ብቻ እያወጣ ነው፤ ምን በደልኩት?

ጀማሪዋ

ሰላም ቤቶች። ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። እስካሁን ዳር ሆኜ ሳነብ ነው የከረምኩት።

ከአራት ወር በፊት ጓደኛዬ ማርብል ኩዊን የሚባለውን ፖቶስ፣ ያንን ሐረግ የቤት ውስጥ ተክል፣ ሰጠችኝ። «ይሄ በአንቺ እጅ እንኳን አይሞትም» ብላ። ስቀበላት ቅጠሎቹ ነጭ ቀለም በብሩሽ የተረጨባቸው ይመስሉ ነበር። አንዱ ግማሽ በግማሽ፣ አንዱ ነጠብጣብ ብቻ፣ ሁለት ተመሳሳይ ቅጠል የለም። የወደድኩትም ለዚሁ ነው።

አሁን ግን የመጨረሻዎቹ አምስት ቅጠሎች አረንጓዴ ብቻ ናቸው። ትንንሽ ሆነዋል። በአንዱ ቅጠልና በሌላው መካከል ያለው ግንድም ረዝሟል። ከታች በኩል ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ቅጠል ቢጫ ይሆንና ይረግፋል።

ውሃ አላስጠማሁትም። በየሁለት ቀኑ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ይጠጣል። ማዳበሪያም ሁለት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። ያለው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሐረጉ ወደ ታች ሲወርድ ያምራል። የት ጋ ነው ያጠፋሁት?

አንጓ

እንኳን ደህና መጣሽ። መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም ልጠይቅ። መደርደሪያው ከመስኮቱ በግምት ስንት ሜትር ይርቃል? ቫዞው ከታች ቀዳዳ አለው? ደግሞ አሁኑኑ ተነሺና ሌባ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ አስገቢው። ደረቅ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ወይስ ጭቃ?

ጀማሪዋ

ከመስኮቱ ሦስት ሜትር ያህል። ቫዞው ቀዳዳ የለውም፣ ግን በጣም የሚያምር ሸክላ ነው 🙈 ጣቴን አስገባሁት። ጭቃ ነው። ሳወጣው ሸተተኝ።

እርጥብ ጣት

በቃ፣ ምርመራው አለቀ። ልጁ ዋና አይችልም፣ አንቺ በየሁለት ቀኑ ኩሬ ትጨምሪለታለሽ።

ፀሐይ ወዳጅ

ቀላል ነው እኮ። ፀሐይ ላይ አውጪው። በረንዳ ካለሽ ቀጥታ በረንዳ ላይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ብርሃን ሲያገኝ ነጩ ይመለሳል፣ አፈሩም ይደርቃል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ሳሎን ጫካ

@ፀሐይ ወዳጅ ኧረ ተው! እኔ ይህንኑ አድርጌ ነው ያቃጠልኩት። ጠዋት በረንዳ ላይ አስቀምጬ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ነጩ ነጩ ክፍል ብቻ ቡናማ ሆኖ እንደ ደረቅ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። አረንጓዴው ምንም አልሆነም። ቅጠሉ ላይ ካርታ የተሳለበት ነበር የሚመስለው። ያ ቅጠል እስኪረግፍ ድረስ እንደዚያው ቆየ፤ የተቃጠለ ቦታ አይድንም።

ጋሽ ሐረጉ

ልጄ፣ ሁለት ችግር ነው ያለብሽ። አንድ አድርገሽ ካየሻቸው ሁለቱንም አትፈቺም። ቢጫው የውሃ ጉዳይ ነው። አረንጓዴው የብርሃን ጉዳይ ነው። ደግሞ ሁለቱ ይመጋገባሉ።

ከነጩ ልጀምር። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ነው። ተክሉ ከብርሃን ምግቡን የሚሠራበት ነገር ማለት ነው። ነጩ ክፍል ላይ ክሎሮፊል የለም፣ ካለም እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ ነጩ አይሠራም፣ ይበላል እንጂ። አረንጓዴው ሠርቶ ነጩን ይቀልባል። አንድ ደሞዝተኛ ብዙ ቤተሰብ የሚያስተዳድርበት ቤት አስቢ። ገቢው ጥሩ ሲሆን ሁሉም ይጠግባል። ገቢው ሲቀንስስ? ሥራ ፈት አይጨመርም። አንቺ ተክሉን ከመስኮት ሦስት ሜትር ስታርቂው ገቢውን ቆረጥሽበት። እሱም የሚያወጣውን ቅጠል ሁሉ ሠራተኛ አደረገው።

ግንዱ የረዘመው፣ ቅጠሉም ያነሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ብርሃን ፍለጋ እየሮጠ ነው።

አሁን ውሃው። ብርሃን ያነሰው ተክል ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ደግሞ ቀስ ብሎ ይጠጣል። ነጭ የበዛበት ሲሆን የባሰ ነው፤ ሙሉ አረንጓዴ ከሆነው ወንድሙ ያነሰ ይጠጣል። አንቺ ግን ለሁሉም በየሁለት ቀኑ አንድ ብርጭቆ። መውጫ ቀዳዳ የለም። ውሃው ከታች ተጠራቅሞ አየር ከለከለው። ሥርም ይተነፍሳል፤ አየር ካጣ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ አይስብም። ስለዚህ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ሰው ደግሞ ጠወለገ ብሎ ይጨምርለታል!

ዛሬ ከቫዞው አውጪው። ሥሩን አይተሽ ንገሪን። ማዳበሪያውንም ለጊዜው ተዪው፤ ሥሩ ለታመመ ተክል ማዳበሪያ ሸክም ነው።

አንጓ

ጋሼ እንዳሉት። ሥሩን ስታዪ እንዲህ ለዪው፦ ጤነኛው ነጣ ያለ ወይም ክሬም ነው፣ ስትጫኚው ጠንከር ይላል። የበሰበሰው ጠቆር ይላል፣ ይልሞሰሞሳል። የተጠራጠርሽውን ቀስ ብለሽ ሳቢው።

ፀሐይ ወዳጅ

እሺ፣ የቀጥታ ፀሐዩን ነገር ተቀብያለሁ፣ አትጩሁብኝ። ግን «ብርሃን ስጪው» ማለት ለጀማሪ ምን ማለት ነው? እኔም ግራ የሚገባኝ ይሄ ነው። ለዓይናችን ቤቱ ሁሉ ብርሃን ነው።

ጋሽ ሐረጉ

ጥሩ ጥያቄ። ዓይናችን ያታልላል፤ ጨለማም ሆነ ብርሃን ቶሎ ይለምዳል። ተክሉ አይለምድም። ከመስኮት አንድ ሁለት ሜትር ስትርቅ የሚደርሰው ብርሃን በጣም ነው የሚወርደው፣ ለአንተ ግን ያው ነው።

በእጅህ ለካው። ቀትር አካባቢ ተክሉ ባለበት ቦታ ነጭ ወረቀት አስቀምጥ። እጅህን ከወረቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ዘርጋ። የጣቶችህ ጥላ ጥርት ብሎ ጠርዙ ከታየ፣ ያ ለዝንጉርጉር ፖቶስ ኃይለኛ ነው። ጥላው አለ ግን ጠርዙ የደበዘዘ ከሆነ፣ እሱ ነው የምንፈልገው። ጭራሽ ጥላ ከሌለ እዚያ ቦታ ላይ ሥዕል ስቀልበት።

ስስ መጋረጃ ያለው ብሩህ መስኮት ዳር ይስማማዋል። የጠዋት ለስላሳ ፀሐይ ትንሽ ቢነካውም ችግር የለም። የቀትር ፀሐይ በመስታወት በኩል በቀጥታ ሲያርፍበት ነው ነጩ የሚቃጠለው።

እርጥብ ጣት

መደርደሪያው ላይ ሥዕል ትስቀልበት 😂 ጋሼ አንጀቴን አራሱት።

ጀማሪዋ
*ከሁለት ቀን በኋላ*

አወጣሁት። ቫዞውን አጋድሜ ግንዱን ይዤ ሳብኩ። አፈሩ ከቫዞው ጋር ተጣብቆ ነበር፣ ከዚያ በአንዴ ጧ ብሎ ወጣ። ከሥሩ ጥቁር ውሃ ተንጠባጠበ። ሽታው የረጋ ኩሬ ነው። የታችኛው ሥር ሁሉ ጥቁር። አንዱን እንዳላችሁኝ በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው ልጣጩ እንደ ካልሲ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ፣ ከውስጡ ክር የምታህል ቀጭን ነገር ብቻ ተረፈች። ከላይ በኩል ግን ነጭና ጠንካራ ሥር አለ። ግማሽ ያህሉ ይሆናል።

የሞተውን በመቀስ ቆረጥኩ። መቀሱን መጀመሪያ በአልኮል ጠርጌዋለሁ። አሁን ጋዜጣ ላይ ተኝቷል። ልቤ ተሰብሯል፣ ቀጥሎ ምን ላድርግ?

አንጓ

ጎበዝ፣ ከባዱን ጨርሰሻል። አሁን የቀረውን ሥር የሚመጥን ቫዞ ፈልጊ። ትልቅ አትምረጪ። «ሰፋ ያለ ቤት ይሻለዋል» ብለው ትልቅ ቫዞ ውስጥ የሚተክሉ ብዙ ናቸው፣ ግን ትርፉ አፈር ማንም የማይጠጣውን ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ከሥሩ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢተርፍ በቂ ነው። ከታች ቀዳዳ የግድ። ያንን ቆንጆ ሸክላሽን አትጣይው፤ ቀዳዳ ያለውን የፕላስቲክ ቫዞ ውስጡ አስቀምጪ፣ ስታጠጪ ታወጪዋለሽ፣ ሲንጠፈጠፍ ትመልሺዋለሽ።

አፈሩ የሚያሳልፍ ይሁን። ለቤት ውስጥ ተክል የተዘጋጀ አፈር ላይ ሩቡን ያህል ፐርላይት (አፈር የሚያላላ ቀላል ነጭ ጠጠር) ወይም ሸካራ አሸዋ ቀላቅዪ። ከግቢ የተዛቀ አፈር ብቻውን ቫዞ ውስጥ ሲገባ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል።

ውሃ በቀን መቁጠሪያ አይጠጣም። ላይኛው ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ፣ ያኔ ከታች እስኪፈስ አጠጪ። በሰሃኑ ላይ የቀረውን ድፊው። ከዚያ ደግሞ እስኪደርቅ አትንኪው። በሙቀት ወራት በሳምንት አንዴ ሊሆን ይችላል፣ በቅዝቃዜ በሁለት ሦስት ሳምንት። ጣትሽ ይንገርሽ።

ሳሎን ጫካ

እኔ ጣቴን ትቼ ቫዞውን አነሳለሁ። እንዳጠጣሁ አንስቼ ክብደቱን አስታውሳለሁ። ሲደርቅ ባዶ ቆርቆሮ ያህል ይቀላል። ፖቶስ ደግሞ ራሱ ይናገራል፤ ውሃ ሲጠማው ቅጠሉ ይለሰልስና ዝቅ ይላል፣ ስታጠጪው በሰዓታት ውስጥ ቀና ይላል። ግን መጀመሪያ አፈሩን ንኪ። ቅጠሉ ዝቅ ብሎ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ጥማት አይደለም።

ጀማሪዋ

እሺ ተተክሏል፣ መስኮት ዳርም ሄዷል። ግን እነዚያ አምስት አረንጓዴ ቅጠሎች ከጊዜ በኋላ ነጭ ይሆናሉ?

ፀሐይ ወዳጅ

ይሆናሉ። ብርሃን ሲያገኙ ይመለሳል።

ጋሽ ሐረጉ

አይሆኑም። አረንጓዴ ሆኖ የወጣ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይረግፋል። ብርሃኑ የሚለውጠው ገና የሚመጣውን ቅጠል ነው። እሱም ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ከብርሃን በላይ ነው። ዝንጉርጉር ተክል ውስጥ ክሎሮፊል የሚሠሩና የማይሠሩ ሕዋሳት አብረው ይኖራሉ። ቡቃያው ከየትኛው ወገን ሕዋስ እንደተነሣ ነው ቅጠሉን የሚወስነው። የሐረጉ ጫፍ በአረንጓዴ ወገን ሕዋሳት ብቻ ከተያዘ የፈለግሽውን ያህል ብርሃን ብትሰጪው ዝንጉርጉር አያወጣም። አረንጓዴው ቶሎ ስለሚያድግ ነጩን ይቀድመዋል።

ስለዚህ ግንዱን እዪ። ግንዱ ራሱ ላይ ነጭ ሰንበር ይኖራል። ሰንበሩ እስከየት እንደሚሄድ በጣትሽ ተከተዪ። አንድ ቦታ ላይ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ አረንጓዴ ብቻ ነው። ሰንበሩ በግልጽ ወደሚታይበት የመጨረሻ አንጓ (ቅጠል ከግንዱ የሚወጣበት መገጣጠሚያ) ተመለሺና ከአንጓው ትንሽ ከፍ ብለሽ ቁረጪ። ከዚያ አንጓ አዲስ ቡቃያ ይመጣል። ዝንጉርጉር የመሆን ዕድሉ ያኔ ጥሩ ነው።

ጀማሪዋ

ጋሼ፣ ሊቆረጥ ነው?! ገና ከሞት ተርፎ?

ጋሽ ሐረጉ

አሁኑኑ አይደለም። መጀመሪያ ሥሩ ይያዝ። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ያኔ ተረጋግቷል ማለት ነው።

እርጥብ ጣት

የተቆረጠውን አትጣይ ታዲያ። ፖቶስ የሚባዛው በዚያ ነው። ከእያንዳንዱ ቅጠል ግርጌ ግንዱ ላይ ቡናማ እብጠት የመሰለ ነገር አለች፣ ኪንታሮት የምትመስል። ሥር የሚወጣው ከእሷ ነው። ቁራጭሽ ላይ ቢያንስ አንድ አንጓ ከሌለ ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ወር ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ ተክል ግን አይሆንም። እኔ ሦስት ወር ጠብቄያለሁ፣ አንጓ የሌለው ቅጠል። ብርጭቆውን በየሳምንቱ እያጠብኩ። ሚስቴ አሁንም ትስቅብኛለች።

ከአንጓው በታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትተሽ ቁረጪ፣ አንጓው ውሃው ውስጥ ይግባ፣ ቅጠሉ ከውሃው በላይ ይሁን። ውሃውን በሳምንት አንዴ ለውጪ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ታያለሽ። ሥሩ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ሲሆን እዚያው ቫዞ ውስጥ ከእናቱ ጎን ትከዪው፣ ቫዞው ይሞላል። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ቁራጭ ግን አትሞክሪ፤ የሚቀልበው የለም።

የድመት እናት

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ድመት ወይም ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ፖቶስ ከፍ ያለ ቦታ ይሁን። ቅጠሉ ውስጥ መርፌ የመሰሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ። ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ይወጋል። የእኔዋ አንድ ጊዜ ነክሳው ለሃጯ እየተዝረበረበ አፏን በእጇ ስትፍቅ አመሸች። የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት፣ ደህና ሆነች። እኔ ግን ሁለተኛ አልደገምኩም። አሁን ያለኝ ስፓይደር ፕላንት ነው፣ እሱም ዝንጉርጉር ነው፣ ለድመት መርዝ አይደለም። ችግሩ ድመቶች ይወዱታል። የእኔው ጫፉ ሁሉ ተከርክሟል።

ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽም አንዳንድ ሰው ያሳክካል፣ እጅሽን ታጠቢ።

ሳሎን ጫካ

ስፓይደር ፕላንት ለጀማሪ ከፖቶስም ይቀላል ባይ ነኝ። ጫፉ ቡናማ ሲሆን ግን አትደንግጡ፤ ፍሎራይድ ያለበት የቧንቧ ውሃ ላይ ስስ ነው። የዝናብ ውሃ ካላችሁ እሱን ስጡት።

ከዝንጉርጉር ሳልወጣ፣ የሳንሰቬሪያን ነገር ላስጠንቅቅ፣ ስኔክ ፕላንት የምንለውን። ያንን ቢጫ ጠርዝ ያለውን ቅጠል ቆርጬ አፈር ላይ ሰካሁ። በስንት ወሩ አዲስ ቡቃያ ወጣ። ደስታዬ! ትንሽ ቆይቶ ሳየው ቢጫ የሚባል የለውም፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ። የሌላ ሰው ልጅ ያሳደግኩ መሰለኝ። አዲሱ ቡቃያ የሚነሣው ከውስጠኛው አረንጓዴ ሕዋስ ስለሆነ ጠርዙን ይዞ አይመጣም። ቢጫውን የፈለገ ሥሩን ከፍሎ ነው የሚያባዛው።

አበባ ናፋቂ

ቤቶች፣ የእኔ ፖቶስ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን አላበበም። ምን ጎደለው?

አንጓ

አንቺ አልበደልሽውም፣ ተፈጥሮው ነው። ለማበብ የሚያስፈልገውን ጂበረሊን የሚባል ሆርሞን በበቂ አይሠራም። በ2016 የወጣ ጥናት ችግሩን እስከ አንድ ጂን ድረስ ተከትሎ አግኝቶታል። በራሱ አብቦ የታየበት የመጨረሻ መዝገብ 1964 ነው፣ በፈረንጆቹ። አበባው ስለማይገኝ የዕፅዋት ሊቃውንት ራሳቸው የየትኛው ወገን እንደሆነ ሲጨቃጨቁበት ኖረዋል። ፖቶስ የምንለውም መጀመሪያ በተሰጠው ስም ነው፤ ወገኑ ከተቀየረ ቆይቷል። አገሩ ሞሪያ የምትባል የፓስፊክ ደሴት ናት።

ፀሐይ ወዳጅ

አየርስ ያጠራል አይደል? እኔ ለዚያ ነው መኝታ ቤት ያስቀመጥኩት።

እርጥብ ጣት

ያ ወሬ የመጣው ናሳ በ1989 ካወጣው ጥናት ነው። ጥናቱ እውነት ነው፣ ግን በተዘጋ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው የተሠራው። ቤትህ ሳጥን አይደለም፣ በበር በመስኮት አየር ይገባል ይወጣል። በ2019 እነዚያን ጥናቶች ሰብስበው ያሰሉ ተመራማሪዎች መስኮት ከመክፈት ጋር ለመፎካከር በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል አሉ። አልጋህን የት ልታደርገው ነው?

ፀሐይ ወዳጅ

እኔ ዛሬ በዚህ ክር ላይ አልተሳካልኝም 😅

ጀማሪዋ
*ከሰባት ሳምንት በኋላ*

ቤቶች፣ ያላችሁት ሁሉ ሆነ ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ምንም የለም። ሌላ ሦስት ቅጠል ቢጫ ሆኖ ረገፈ፣ ልጽፍላችሁ ብዬ አፈርኩ። ውሃ ላጠጣ እጄ ስንት ጊዜ ተዘረጋ መሰላችሁ። ጣቴን እያስገባሁ «ገና ነው» እያልኩ ስመለስ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከጫፉ ጥቅልል ያለች ቅጠል ብቅ አለች። አረንጓዴ! ተናደድኩ፣ ከዚያ የጋሽ ሐረጉን ምክር አስታወስኩ። ሰንበሩን በጣቴ ተከትዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከታች ሲቆጠር አራተኛው አንጓ ላይ ጠፍቷል። ሦስተኛው ላይ ግን እንደ ክር ቀጭን ሆኖ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ከሦስተኛው አንጓ በላይ ቆረጥኩት።

ዛሬ ጠዋት ከዚያች አንጓ የወጣችው ቅጠል ተፈታች። ከመሐል አጥንቷ በግራ በኩል አረንጓዴ፣ በቀኝ በኩል ነጭ ናት፣ ነጩ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ አረንጓዴ ነጠብጣቦች አሉ። ጫፏ ላይ ትንሽ ቡናማ አለች። ተቃጠለች ይሆን?

ጋሽ ሐረጉ

እሰይ ልጄ! ጫፏን እርሺው። ነጩ ስስ ስለሆነ በጥቂቱም ቡናማ ይላል። ቡናማው እየሰፋ ከሄደ ብቻ ከመስኮቱ አንድ ክንድ ያህል አርቂው። አሁን በወር አንድ ጊዜ፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ግማሹን ያህል ማዳበሪያ ልትጀምሪ ትችያለሽ። በቅዝቃዜ ወራት አቁሚ።

አንጓ

የቆረጥሻቸውስ?

ጀማሪዋ

ብርጭቆ ውስጥ ናቸው፣ አራት። ሦስቱ ሥር አውጥተዋል፤ አንዱ አንጓ የለውም መሰለኝ 🙈 ለዚያች ለሰጠችኝ ጓደኛዬ ሁለቱን ልመልስላት ነው። አንድ ቆንጆ ቫዞም አዘጋጅቼላታለሁ።

እርጥብ ጣት

ቀዳዳ አለው?

ጀማሪዋ

አራት።